ባለ ሁለት ጎማው ቦራ

ምናሉ የተወላገደ ጎማ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። ዴንቨር፣ ሞንትቤሎ ሰፈር የሚያውቁት ሁሉ የሚቀልዱበት አመሉ ነው። ሱፐርማርኬት ገብቶ የሚገፋው ጋሪ አንድ እግሩ የተንቀጠቀጠ እንደሆነ፣ እዚያው ሽንኩርትና ቲማቲሙ መሐል ይንበረከክና ሚስቱ ጌጥነሽ “ኧረ በእመብርሃን! ሰው እያየን ነው” እስክትለው ድረስ ይነካካዋል። ሥራው ሌክውድ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ ነው። በወረቀት ላይ አምፖል ቀያሪና ቧንቧ ጠጋኝ ተብሏል፤ አዛውንቶቹ ግን የሚያውቁት በተሽከርካሪ ወንበራቸው ነው። የእሱ እጅ የገባ ወንበር ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይልም።

ሙያውን ያገኘው ባሕር ዳር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከጣና ብዙም በማትርቅ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ብስክሌት ሲጠግን ኖሯል። ጎማ የሚያቃናው በመሣሪያ አልነበረም። ጎማውን አንጠልጥሎ ያሽከረክርና አውራ ጣቱን ወደ ቸርኬው ያስጠጋል። ቸርኬው ጣቱን በነካበት በኩል ያሉትን ሽቦዎች ሩብ ዙር ያላላል፣ በማዶ በኩል ያሉትን ሩብ ዙር ያጠብቃል። ጎማው ዞሮ ዞሮ ጣቱን ሳይነካ ሲያልፍ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ከዚያ ዘመን የቀረ ጠንካራ ቆዳ አሁንም አውራ ጣቱ ላይ አለ፤ አሜሪካ ከገባ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖት እንኳ አልለሰለሰም።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው፣ በስልሳ አንድ ዓመቱ፣ ሆን ብሎ ጎማው የተዛባ ብስክሌት ሊሠራ የተነሣው። ምክንያቱ ታላቅ ወንድሙ አስቻለው ነበር።

አስቻለው ምናሉን በዘጠኝ ዓመት ይበልጠዋል። የተወለዱት ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው፤ እዚያ አገር የወንድ ልጅ ክብሩ ፈረሱ ነው። አባታቸው ሲሞቱ ምናሉ ሰባት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ለቅሶ አጥርቶ የሚያስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቦራን። ቦራ የአባቱ ፈረስ ነበር፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ስላለው ነው ቦራ የተባለው። የለቅሶው ሜዳ ላይ ተጭኖ፣ ኮርቻው ላይ የአባቱ በርኖስ ተደርቦበት፣ ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ልጓሙን ይዘው በለቀስተኛው መሐል ሦስት ጊዜ አዞሩት። ምናሉ አባቱ መሞታቸውን ያመነው አስከሬናቸውን ሲያይ አይደለም። ያን ባዶ ኮርቻ ሲያይ ነው።

ሰዉ ሲበተን አስቻለው፣ ዕድሜው ገና አሥራ ስድስት፣ ታናሽ ወንድሙን አንሥቶ ቦራ ላይ አስቀመጠውና ልጓሙን እየሳበ በእግሩ ወደ ቤት ወሰደው። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባትም ወንድምም እሱ ሆነ።

ከሰባት ዓመት በኋላ ቦራ ተሸጠ። የተሸጠው ምናሉ ባሕር ዳር ገብቶ እንዲማር ነው። አስቻለው ፈረሱን ለገዢው አስረክቦ፣ ወንድሙን አውቶብስ ላይ አሳፍሮ፣ በመስኮቱ በኩል “ተማርልኝ” ብቻ አለው። ምናሉ ግን አልተማረም። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ደብተሩን ጥሎ ብስክሌት ቤት ገባ። አስቻለው ይህን ሲሰማ አልተቆጣም። ምናሉን ዕድሜ ልኩን ያንገበገበውም ይኸው አለመቆጣቱ ነው፤ በጥፊ ቢያጮለው ይሻለው ነበር። ሁለተኛ ፈረስ ግን አስቻለው አልገዛም። ባሕር ዳር በመጣ ቁጥር ከሱቋ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የወንድሙን እጅ ሲያይ ይውላል፣ ማታ “እጅህ ይባረክ” ብሎ መርቆት ይነሣል።

ምናሉ ዜግነት እንዳገኘ ያደረገው የመጀመሪያው ነገር የወንድሙን ወረቀት ማስገባት ነበር። የወንድም ወረፋ አሥራ አምስት ዓመት ፈጀ። አስቻለው ሚስቱን ቀብሮ፣ ልጅም ሳይኖረው፣ በስልሳ ስምንት ዓመቱ ዴንቨር ገባ። አንድ ክረምት ኤርፖርት አጠገብ መኪና ማቆሚያ ጠበቀ። በሁለተኛው ክረምት እግሩ ማበጥ፣ ትንፋሹም ማጠር ጀመረ። በሦስተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሐኪሞቹ ልቡ እንደደከመና ከዚህ በኋላ ማድረግ የሚችሉት እንዳይሠቃይ መርዳት ብቻ መሆኑን ተናገሩ። የምናሉ ልጅ አቢጊያ ናት ያስተረጎመችው። ነርሲንግ ትማራለች፣ ቃሉን ታውቀዋለች፤ ግን “አባባ፣ ሆስፒስ ማለት…” ብላ ጀምራ መጨረስ አቃታት።

“ገብቶኛል ልጄ” አላት አስቻለው። “አማርኛው ምንም ይሁን ምን ፊትሽ ነግሮኛል።”

በዚያው ሳምንት እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አስቻለው ሳሎን ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ አንድ ነገር ጠየቀ። በዚህ ቤት ከገባ ጀምሮ ውኃ እንኳ ጠይቆ አያውቅም ነበር።

“ስሞት ፈረስ ይዙርልኝ” አለ። “እንደ አባባ።”

ጌጥነሽ ቀለል አድርጋ ወሰደችው። “ለዚህማ ምን ችግር አለ ጋሼ? ኮሎራዶ ፈረስ ጠፍቶ ነው? ሬንት እናደርጋለን፣ በትሬለር ጭነው ደጅ ድረስ ያመጡታል።”

“የተከራየ ፈረስ የት ያውቀኛል? በሕይወቴ ያልተቀመጥኩበትን ፈረስ የአስቻለው ነው ብላችሁ ብታዞሩት ለሰዉ ውሸት ነው፣ ለእኔም ስድብ ነው። የሚዞረው የሟች ፈረስ ነው። የጋለበው ፈረስ።”

አቢጊያ ስልክ ደወለች። ከብራይተን እስከ ሊትልተን ፈረስ የሚያከራዩትን ሁሉ አዳረሰች፣ ኦክስጅን የተሰካለት ሰው ፈረስ ላይ አናወጣም አሏት። እግሩም ቢሆን አብጦ ጫማ አይገባውም፣ እርካብ እንዴት ይገባዋል? ነገሩ በዚህ አበቃ። አስቻለው ሁለተኛ አላነሣውም። ምናሉ ግን እንቅልፍ አጣ። ይህ ሰው የነበረውን አንድ ፈረስ ለእሱ ሲል ሸጧል፤ አሁን ፈረስ የሌለው ሰው ሆኖ ሊቀበር ነው።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ፣ አየሩ ሞቅ ያለ ቀን፣ ምናሉ ወንድሙን በተሽከርካሪ ወንበር ፕላት ወንዝ ዳር ይዞት ወጣ። የዴንቨር ሰው ሙቀት ካየ ቤት አይቀመጥም፤ ያለውን ሁሉ ይዞ ይወጣል። አንዱ ውሻ በጋሪ ይገፋል፣ ሌላው ቁመቱ ቤት የሚያክል ብስክሌት ይነዳል። ከነዚህ መሐል አንድ ጢማም ሰውዬ ከማዶ መጣ። ብስክሌቱ ደግሞ ጉድ ነው፤ ጎማዎቹ ክብ ናቸው፣ የሚዞሩበት እምብርት ግን መሐላቸው ላይ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ሸሽቷል። ስለዚህ የፊቱ ሲነሣ የኋላው ይወርዳል፣ የኋላው ሲነሣ የፊቱ ይወርዳል፣ ሰውዬውም ላዩ ላይ ይናጣል። ምናሉ ጥርሱን ነከሰ። ሰውዬውን አስቁሞ ጎማውን ሊያቃናለት ምንም አልቀረውም።

አስቻለው ግን ከወንበሩ ቀና አለ። ወር ሙሉ ያልተሰማ ድምፅ ወጣው።

“ምናሉ! ያ ሰውዬ እኮ እየጋለበ ነው!”

ምናሉ ወንድሙን አየ፣ ሰውዬውን አየ።  እቤት ሲደርሱ ምናሉ ሞተሩን አጥፍቶ፣ እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ፣ “ጋሼ፣ ብሠራልህ ትቀመጥበታለህ?” አለ። አስቻለው መልስ ከመስጠቱ በፊት ትንፋሹን ሰበሰበ።

“ቶሎ ከሠራኸው” አለ።

ሥራው ጋራዡ ውስጥ ተጀመረ። ምናሉ የመረጠው አግዳሚው ብረት ዝቅ ያለ፣ ቀሚስ የለበሰች ሴት የምትወጣበት ዓይነት አሮጌ ብስክሌት ነው፤ ያበጠ እግር ከዚያ በላይ አይነሣም። ለአገው ምድር ፈረሰኛ የሴት ብስክሌት መስጠት በደህናው ቀን ቢሆን ያጣላ ነበር። ትላልቅ ጎማዎቹን አውልቆ በአነስተኛ ቸርኬ ተካቸው፣ ምክንያቱም ከመሐል የወጣ ጎማ ሲዞር ከፍ ዝቅ የሚልበት ቦታ ይፈልጋል። ቸርኬውን የሚነክስ ፍሬን እዚህ አይሠራምና ወደኋላ ሲረገጥ የሚቆም ዓይነት ገጠመለት። ከዚያ ቸርኬውን ሲሚንቶው ላይ አስተኝቶ በጠመኔ ከበበው፣ መሐሉን አገኘ፣ ከመሐሉ ሦስት ጣት ወደ ጎን ለክቶ ምልክት አደረገ። እምብርቱ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ከዚያ ወደ አንዱ ጎን ያሉት ሽቦዎች ያጥራሉ፣ ወደ ሌላው ጎን ያሉት ይረዝማሉ። እያንዳንዱን ለየብቻው ለክቶ ቆረጠ።

እስከዚህ ድረስ ሥራው የጭንቅላት ነበር፤ ችግሩ እጁ ሲገባበት መጣ። ጎማውን አንጠልጥሎ ሲያሽከረክረው፣ አውራ ጣቱ ማንም ሳይጠይቀው ሄዶ ቸርኬው ጋ ቆመ። ቸርኬው በየዙሩ እየመጣ ይመታዋል። እጁም ሳያስበው ያን ጎን ያላላል፣ ማዶውን ያጠብቃል፣ ያጠብቃል። ሽቦ ተበጠሰ። እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ተበጠሰ። አርባ ዓመት ቀጥ ሲያደርግ የኖረ እጅ አጣምም ሲባል እሺ አልል አለ። በሦስተኛው ቀን ምናሉ መፍቻውን ወርውሮ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ። ሊያለቅስ ደርሶ ነበር፤ ቀኑ እየሄደ ነው፣ ወንድሙ ትንፋሽ እያጠረው በየሌሊቱ አንድ ትራስ እየጨመረ ነው የሚተኛው።

አስቻለው የኦክስጅኑን ረጅም ቱቦ ከሳሎን እየጎተተ ወጣና ጋራዡ ውስጥ አሮጌ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ እንደ ባሕር ዳሩ፣ የወንድሙን እጅ ማየት ሆነ ሥራው። የምናሉ ጣት ወደ ቸርኬው ሲሄድ ባየ ቁጥር “ተው” ይላል፤ ጣቱ ይመለሳል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ “ተው”። እንዲህ እየተባለ በሁለት ሳምንት ሁለቱም ጎማዎች አለቁ።

ሲያልቅ ምናሉ ብስክሌቱን ጥቁር ቡኒ ቀባው። አስቻለው ነጭ ቀለምና ብሩሽ ጠየቀ፣ በራሱ እጅ ከመሪው በታች፣ ግንባሩ ላይ፣ አንዲት ነጭ ጭረት አሠመረበት። ማንም ማብራሪያ አልፈለገም።

የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ ዳኛቸው ሊጠይቁ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። የዳንግላ ሰው ናቸው፣ ወጉን ያውቃሉ። በሽተኛውን ጠይቀው ሲወጡ ምናሉ ጋራዡን ከፍቶ አሳያቸው፣ ያሰበውንም ነገራቸው። ጎማውን በእጃቸው አዙረው አዩት።

“ምናሉ፣ አትቀየመኝ” አሉት። “ይሄ የሰርከስ ዕቃ ነው። ሰው ለቅሶ ላይ ይስቃል። ያን የመሰለ ሰው መሳቂያ ሆኖ ይቀበር?”

“ፈረስ ጠይቆኝ ነው፣ አቶ ዳኛቸው።”

“ፈረስ ከሆነ ፈረስ። የራሱ ፈረስ ካልሆነ ደግሞ አይዞርም፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። እኔ ቆሜ ይህን አላስዞርም።”

ምናሉም የፈራው ይህንኑ ነበር። ጋራዡን ዘግቶ ብቻውን ቆመ። ወንድሙን ሁለተኛ ጊዜ ሊያዋርደው እንደሆነ ተሰማው፤ አንድ ጊዜ በደብተሩ፣ አሁን ደግሞ በለቅሶው።

ያም ሆኖ በሰኔ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌቱን ወደ ደጅ አወጣው። የሚኖሩበት መንገድ ጫፉ ዝግ ነው፣ ክብ ሆኖ ያልቃል፣ መኪና አይበዛበትም። መጀመሪያ አቢጊያ ሞከረችው። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ እንደ ግልቢያ ይሄድላት ነበር፤ ክቡ ላይ ስትዞር ግን እርምጃው ተለወጠ። የፊቱ ጎማ ሲታጠፍ ከኋላው የረዘመ መንገድ ስለሚሄድ ቀስ በቀስ ቀድሞት፣ ሁለቱም ባንድነት መነሣት፣ ባንድነት መውረድ ጀመሩ። ምናሉ መፍቻውን አነሣ። “ይህን ማስተካከል አለብኝ።”

“ተው” አለ አስቻለው ከወንበሩ። “ፈረስም ሲዞር እርምጃውን ይቀይራል።”

አስቻለውን አንሥተው ኮርቻው ላይ አስቀመጡት። ትንሿን የኦክስጅን ጠርሙስ ከኮርቻው ኋላ በገመድ አሰሩለት። አስቻለው ጋቢውን ትከሻው ላይ አጣፋ፣ መሪውን ጨበጠ፣ ወደ ፊት አየ። ምናሉ እንዲነዳ ጠበቀ። አስቻለው ግን አልተንቀሳቀሰም። ቆይቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ጌጥነሽ እንዳትሰማው፦

“ምናሉ፣ እኔ እኮ ብስክሌት ነድቼ አላውቅም።”

ምናሉ፣ የባሕር ዳርን ልጅ ግማሹን ብስክሌት ያስተማረ ሰው፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሽቦ ሲለካ፣ ለማን እንደሚሠራ እያወቀ፣ ይህን አንድ ቀን አልጠየቀም። ብስክሌት ማለት ለእሱ እንደ መራመድ ነው፤ የማይችል ሰው አለ ብሎ አስቦ አያውቅም። ከሱቁ ደጃፍ አግዳሚው ላይ ያ ሁሉ ዓመት የተቀመጠው ሰው አንድ ቀን እንኳ ልሞክር ብሎ አያውቅም ነበር። እሱም አንድ ቀን “ና ላስተምርህ ጋሼ” ብሎት አያውቅም። ይህ አሁን ነው የገባው፤ አፈረ፣ ከልቡ አፈረ።

“ዳዲ፣ ባላንስ ማድረግ አይችልም እኮ” አለች አቢጊያ። “ይወድቃል። አይ ሚን፣ ልቡ…”

“በዚያ በኩል ያዢው” አላት ምናሉ።

እሱ ከግራ፣ እሷ ከቀኝ ሆነው መሪውን ያዙ። አስቻለው እግሮቹን ከፔዳሉ አንሥቶ እንደ ፈረሰኛ አንጠለጠላቸው። ምናሉ መሳብ ጀመረ። የፊቱ ጎማ ተነሣ፣ ወረደ፤ የኋላው ተነሣ፣ ወረደ። ሦስት እርምጃ፣ አራት እርምጃ። አምስተኛው ላይ የአስቻለው ወገብ ከእንቅልፉ የነቃ ያህል ተፈታ፤ ብስክሌቱ ሲነሣ ይነሣለታል፣ ሲወርድ ይወርድለታል። ሃምሳ ዓመት ግድም ፈረስ ላይ ያልተቀመጠ ሰው ነው። ከእንግዲህ የሚናጠው ብስክሌቱ ነበር እንጂ እሱ አልነበረም። ምናሉ መሪውን ይዞ በእግሩ እየሄደ ቀና ብሎ ወንድሙን አየ። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ ያን መንገድ አስታወሰ፤ ከለቅሶው ሜዳ ወደ ቤት፣ እሱ ፈረሱ ላይ ሆኖ፣ አስቻለው በእግሩ ልጓም እየሳበ። አሁን ቦታ ተለዋውጠዋል። እንደዚያን ቀንም ማንም አልተናገረም።

መንገዱ በስተመጨረሻው ትንሽ ቁልቁል ይላል። እዚያ ሲደርሱ አስቻለው “ልቀቁኝ” አለ።

አቢጊያ አባቷን አየች። ምናሉ ሐኪሞቹን አሰበ፣ ጌጥነሽን አሰበ፣ አስፋልቱን አሰበ። ይህን የፈቀደ ሰው ሞኝ ነው የሚል ካለ ይበል፤ ምናሉ እጁን አነሣ፤ አቢጊያም አነሣች።

አስቻለው ብቻውን ሄደ። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፣ ሃያ አምስትም ቢሆን ነው። ጋቢው ከኋላው እየተነሣ፣ እግሩ እንደተንጠለጠለ፣ ጀርባው ቀጥ ብሎ። በዚያ በደከመ ሳንባው “ቦራ!” ብሎ ጮኸ፣ ድምፁም ከመንገዱ ጫፍ ተሰማ። ከዚያ ብስክሌቱ የጎረቤቱ ሣር ላይ ወጥቶ ፍጥነቱ አለቀና ቀስ ብሎ በጎኑ አጋደመው። ሮጠው ሲደርሱ ሣሩ ላይ ተንጋሎ ሰማዩን ያያል። ፊቱ በእንባ ርሷል።

“አሁን የኔ ነው” አለ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተ። በጠዋት፣ በእንቅልፉ፣ ጌጥነሽ አጥሚቱን ይዛ ስትገባ።

በሣልስቱ ዕለት ኦሮራ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ጸሎቱ አልቆ ሰዉ ወደ መኪና ማቆሚያው ሲወጣ፣ ምናሉ ቫኑን ከፍቶ ብስክሌቱን አወረደ። ኮርቻው ላይ የአስቻለውን ጋቢ ደርቦበታል። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ጎረምሳ አፉን በእጁ ሸፈነ። አቶ ዳኛቸው ፈጠን ብለው መጡና መሪውን ያዙ።

“ምናሉ፣ ነግሬሃለሁ።”

“የራሱ ካልሆነ አይዞርም ብለውኝ ነበር” አለ ምናሉ። ወደ አቢጊያ ዞረ። 

አቢጊያ ስልኳን አወጣች። ያን ቅዳሜ ጌጥነሽ ከበሩ ሆና ቀርጻው ነበር። አቢጊያ ከፍታ ለአቶ ዳኛቸው ያዘችላቸው። ጋቢ የለበሰ ሰው ቁልቁል ይወርዳል፣ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ ከዚያ ያቺ አንድ ጩኸት ተሰማች። አቶ ዳኛቸው እስከ መጨረሻው አዩት። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ለአቢጊያ ሰጧት። መሪውን ግን አልለቀቁም። ዞረው በቀኝ በኩል ቆሙ።

“አንተ ግራውን ያዝ” አሉ።

ሰዉ ክብ ሠራ። ሁለቱ ሰዎች ብስክሌቱን መሳብ ጀመሩ። ግንባሩ ላይ ነጭ ጭረት ያለው ብስክሌት ራሱን ከፍ ያደርጋል፣ ዝቅ ያደርጋል፤ ኋላው ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ባዶው ኮርቻም አብሮት። አንድም ሰው አልሳቀ።  በሁለተኛው ዙር ከሴቶቹ መሐል አንዲት ድምፅ ተነሣች፤ እማማ ብዙዬ ናቸው፣ ከቲሊሊ የመጡ፣ ሰማንያን ያለፉ፣ ደረታቸውን በቀስታ እየመቱ “ወይኔ ፈረሰኛው” አሉ። ያኔ ለቅሶው ተቀጣጠለ።

በሦስተኛው ዙር እርምጃው ተለወጠ። ምናሉ በእጁ ሰማው። የፊቱ ጎማ ዙሩን ሁሉ እየቀደመ መጥቶ ከኋላው ጋር ተገናኝቶ ነበር፤ አሁን ሁለቱም ባንድነት ይነሣሉ፣ ባንድነት ይወርዳሉ። አውራ ጣቱ ወደ ቸርኬው ሄደች። “ተው” የሚላት ሰው አልነበረም። በራሷ ተመለሰች።

ክቡን ዘግተው በተነሡበት ቦታ ሲቆሙ የሁለቱም ጎማዎች እምብርት ከታች ነበር። ኮርቻው ከጋቢው ጋር ዝቅ አለ፣ እንደገናም አልተነሣም። እማማ ብዙዬ ማልቀሳቸውን አቁመው ኮርቻውን አዩት።

“ፈረሰኛው ወረደ” አሉ። “አሁን ወረደ።”

ምናሉ ወንድሙ መሞቱን ያን ጊዜ አመነ። መሪውን ለአቶ ዳኛቸው ትቶ፣ አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።